ሰነቴ ላይ የደወልኩት ስልክ

ስልኬ «አዲስ ማሻሻያ ተገኝቷል» ሲለኝ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር። በቀኜ ማማሰያ፣ በግራዬ ስልክ። «በኋላ» የሚለውን ልጫን ብዬ «አሁን» የሚለውን ነካሁት። ለነገሩ «በኋላ» ማለቱም ሰልችቶኝ ነበር። ያ ማሳሰቢያ ከደጅ አልሄድ እንዳለ የጎረቤት ልጅ ጠዋት ማታ ብቅ ይላል። አንዴ እሺ ብዬው ይገላግለኝ ብዬ ሽሮዬን ማማሰሌን ቀጠልኩ።

በልቼ ስጨርስ ስልኩ ጠፍቶ በርቶ፣ በርቶ ጠፍቶ፣ መልኩን ሁሉ ለውጦ ጠበቀኝ። የአማርኛ መጻፊያው የለም። ካሜራውን ስነካው ሒሳብ ማስሊያው ይከፈታል። የሰው ስልክ ቁጥር አንድም አልቀረም፣ ሁሉም ተጠርጎ ወጥቷል። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ሳጥን ተገትሮ «ለመቀጠል የኢሜይልዎን ፓስወርድ ያስገቡ» ይለኛል። የምን ፓስወርድ? እኔ በዕድሜዬ ፓስወርድ የሚባል ነገር አውጥቼ አላውቅም።

ይህን ስል የሚስቅብኝ ይኖራል። አስተማሪ ሆነሽ፣ ያውም የኬሚስትሪ፣ እንዴት የራስሽን ፓስወርድ አታውቂም ይለኝ ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ሮቤ አልኖረም ማለት ነው። ሮቤ ሰው ስልክ ሲገዛ ኢሜይሉን የሚከፍትለት ስልክ ቤቱ ነው። ባለ ሱቁ ስም ይጠይቃል፣ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ይነካካል፣ ማረጋገጫው በራሱ ቁጥር እንዲመጣ ያደርጋል፣ የአሮጌውን ስልክ ቁጥሮች ሁሉ ወደዚያው ያሻግራል፣ ከዚያ መስታወቱን በሹራቡ እጅጌ ወልውሎ ያስረክባል። «ፓስወርዱስ?» ብዬው ነበር፣ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። «ምን ያደርግልሻል ቲቸር? ከተቸገርሽ እኔ እዚሁ ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ገበያው አጠገብ ካለችው ጠባብ ሱቁ ለዓመታት ጠፍቶ አያውቅም። ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ጎረቤት እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ሁላችንም ፓስወርዳችንን እሱ ዘንድ አስቀምጠን እንኖር ነበር።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ያን ሰሞን ግን በዚያ ኢሜይል የምጠብቀው ነገር ነበረኝ።

እናቴ ጎጃም ናት። እኔ ባሌ ተመድቤ የመጣሁት ገና ልጅ እግር ሆኜ ነው፣ መጀመሪያ ጎባ፣ ከዚያ ሮቤ። አገሩን ወድጄዋለሁ። ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ ኦሮምኛውንም ተማሪዎቼ እየሳቁ እያረሙኝ ሰባብሬ እናገረዋለሁ። ግን የእናቴ ዓይን እየደከመ ሄደ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላት። ሞራ ቢሆን ይገፈፋል፣ ይሄኛው ግን የወሰደውን አይመልስም፣ ጠብታው ማዘግየት ብቻ ነው ሥራው። «አሁንማ የማየው በበር ስንጥቅ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው» አለችኝ አንድ ቀን በስልክ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ዘና ብላ። ቀጥላ ደግሞ «ስንጥቁ ሳይዘጋ ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል። በእንግድነት አይደለም። መጥተሽ አብረሽኝ ስትኖሪ፣ ጠዋት ስነሳ ፊትሽን እያየሁ» አለች። የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ጥያቄ ይኸው ነበር። ሌላ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።

ከክልል ክልል መዛወር ግን እንዲህ በዋዛ አይገኝም። በየዓመቱ እመዘገባለሁ፣ በየዓመቱ ስሜ ሳይወጣ ይቀራል። የሥራ ባልደረቦቼ «ሴትዮ፣ አንቺ እኮ የከርሞ ሰው ነሽ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ምዝገባው በኢሜይል መሆን ሲጀምርም ስልኬ ላይ ኢሜይሉ ክፍት ስለነበር ማንም ፓስወርድ ሳይጠይቀኝ ሞልቼ ላክሁ።

እንግዲህ ስልኩ በተዘጋ ማግስት መምህራን ማረፊያ ስገባ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ጓደኛዬ ከወንበሯ ተነስታ አቀፈችኝ። «ስምሽ ወጥቷል» አለችኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ኢሜይልሽ ላይ ደብዳቤ ልከውልሻል። እሱን ከፍተሽ ‹እቀበላለሁ› የሚለውን መጫን ነው፣ በቃ። እስከ ዓርብ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።» ደስታዬን እንኳ በወጉ ሳላጣጥመው ያ ነጭ ሳጥን ድቅን አለብኝ።

በሷ ስልክ ሞከርን፣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሞከርን። ሁሉም ቦታ ያው ሳጥን ነው። «ፓስወርድዎን ረስተዋል?» የሚለውን ስንነካ ማረጋገጫውን ወደ አንድ ቁጥር እንደላከ ይነግረናል፣ የቁጥሩን ጫፍ ያሳየናል። የባለ ሱቁ ቁጥር ነው። አልረሳሁትም እኮ፣ አላውቀውም ነው የምለው። አላውቀውም የሚል ግን የሚነካ ቦታ አልተሠራለትም።

ወደ ሱቁ በረርኩ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ የላስቲክ ጫማ ይሸጣል። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ለአከራዬ ነገርኳቸው። አከራዬ የሮቤ ተወላጅ ናቸው፣ እሳቸው የማያውቁት ሰው፣ እሳቸው የማይዛመዱት ሰው ሮቤ ላይ የለም። ባለ ሱቁም የእህታቸው ባል ዘመድ ሆኖ ተገኘ። «መና ወርዷል» አሉኝ። ደሎ መናን ማለታቸው ነው። «እዚያ ሱቅ ከፍቷል። ቡና ሲደርስ ሰው ሁሉ መና ነው።» በራሳቸው ስልክ ደወሉለት፣ አይሠራም። «መና ኔትወርክ ከጠፋ ሰነባበተ ይላሉ። ኢንሻአላህ ይመለሳል» አሉኝ።

«መቼ ነው እማማ የሚመለሰው?»

«እሱን አላህ ያውቃል።»

በማያገባቸው ነገር በሳቸው ላይ ተቆጣሁ። «አላህማ ያውቃል፣ ፓስወርዱንም ያውቃል፣ የቸገረኝ እኔ አለማወቄ ነው» አልኳቸው። ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን «ነገ በጠዋት አውቶቡስ አለ» ብለው ለስንቅ የገብስ ጭኮ ሊቋጥሩልኝ ገቡ።

ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቄ ሐሙስ ተሳፈርኩ። ጎባን አልፈን ሰነቴ አምባ ላይ ወጣን፣ ከዚያ ወደ ሪራ፣ ከሪራ በሐረና ጫካ ውስጥ ቁልቁል። ባሌ ስኖር ያን መንገድ የሄድኩት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው፣ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ያን ቀን ምንም አላየሁም። መንገዱን ሙሉ የማዘጋጀው ስድብ ነበር። ባለ ሱቁን ሳገኘው የምለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሙቀቱ እየመጣ ኮቴን አወለቅሁ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ስድቡን ግን አልተውኩትም።

መና ስደርስ መብራትም የለም፣ ኔትወርክም የለም። ባለ ሱቁ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ የተፈታቱ ስልኮች ፊቱ ደርድሮ፣ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እንዳየኝ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ቲቸር? ምን እግር ጣለሽ?»

አፌን ከመክፈቴ ሰላምታውን ጀመረ። አከራዬ ደህና ናቸው ወይ? ትምህርት ቤቱስ? የሮቤ ዝናብ እንዴት ሆነ? ገብሱ ተሰበሰበ? እናትሽስ፣ ከሩቅ ናት ትይን የለ፣ ድምጿን ትሰሚያለሽ? እያንዳንዱን ስመልስ ሐምዱሊላህ ይላል፣ ሌላውን ይቀጥላል። እዚህ አገር ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ አይነሳም። ስለ እናቴ ሲጠይቀኝማ ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ስድብ ሳልናገረው ቀረ። ጉዳዬን ስነግረው እንባ ቀረሽ ነበርኩ።

እሱ ሳቀ። «ፓስወርዱ ነው? የሁላችሁም አንድ ነው እኮ» አለኝ። ድሮ የነበረው ፈረስ ስም ነው። ፈረሱን ከሸጠው ዘመን የለውም፣ ግን እንደሱ ያለ ፈረስ አላየሁም ብሎ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ስሙን እያስገባ፣ ከኋላው አንድ ሁለት ሦስት አራት እየደረደረ ኖሯል። ግማሽ የሮቤ ሰው ምስጢሩን በአንድ ፈረስ ስም ቆልፎ ይኖራል ማለት ነው፣ ሳያውቀው። ተናድጄ ልቆይ ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ያን ቀን ብቻ ሳቅሁ።

ኔትወርኩን ግን ከየት ይምጣ? «ማማው ሰነቴ አናት ላይ ነው። ነገ ስትመለሺ እዚያ ታገኛለሽ፣ ወላሂ ሳትወርጂ ታገኛለሽ» አለኝ። ዘመዶቹ ዘንድ አሳደረኝ።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን ቀረን። የቡና ጆንያ ይጫናል፣ የማር ጄሪካን ይጫናል፣ ሰው ይጎድላል። ከተነሳንም በኋላ ሪራ ስንደርስ ሹፌሩ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ጁምዓ ነው። ሹፌሩ ወረደ፣ ረዳቱ ወረደ፣ ተሳፋሪው ወረደ፣ ከጥቂት ሴቶችና ከእኔ በቀር አውቶቡሱ ውስጥ ሰው አልቀረም። እዚያ መንገድ ላይ ዓርብ የተሳፈረ ሰው ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ስንት ጊዜ በሌላ መንገድ ላይ ደስ ብሎኝ ጠብቄያለሁ። ያን ቀን ግን በመስኮት መስጊዱን እያየሁ ውስጤ ይቃጠላል። እግዚአብሔርን ለማምለክ የቆሙ ሰዎች ላይ መናደድ ኃጢአት መሆኑ እየታወቀኝ ተናደድኩ። ሲመለሱ አጠገቤ የተቀመጡት አባት፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ዱዓ አድርጌልሻለሁ፣ መንገድሽ አሳስቦሻል መሰለኝ» አሉኝ። አፈርኩ።

ሰነቴ ላይ ስንወጣ ጉም ነበር። ስልኬን ከሪራ ጀምሮ ከእጄ አልለየሁትም። ጅባራዎቹ በጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ማለት ሲጀምሩ የኔትወርክ ምልክቱ አንድ ዘንግ አወጣ፣ ከዚያ ሁለት። የፈረሱን ስም ፊደል በፊደል ጻፍኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሳጥኑ ጥቂት አሰበና «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ተከፈተ። አምላኬ፣ ተከፈተ።

ወዲያው ደግሞ ሌላ ጽሑፍ መጣ። «አስፈላጊ ማስተካከያ ተገኝቷል፣ ስልክዎ አሁን ይጠፋል።» አሁን ወይስ በኋላ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ያለፈውን ማሻሻያ ስሕተት የሚያርም ሌላ ማሻሻያ ነው። ስልኩ እጄ ላይ ጨለመ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች።

ምን አለበት፣ አልኩ። ፓስወርዱ ሠርቷል፣ ጎባ እስክንወርድ ይጨርሳል፣ ያኔ እጫነዋለሁ። የከረመው ሁሉ ከላዬ ወረደና ለሰው መናገር አማረኝ። አጠገቤ ያሉት አባት ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘዋል። «አባባ፣ ስልክዎን ላንድ አፍታ ያውሱኝ?» አልኳቸው፣ ሰጡኝ። ለባዮሎጂዋ ጓደኛዬ ልደውል አልኩ፣ ቁጥሯን አላውቀውም። ለአከራዬ፣ እሱንም አላውቀውም። በቃሌ የማውቀው ቁጥር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ የእናቴ። ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ዝውውሩ ደረሰኝ።»

ነፋሱ ድምፄን ስለሚወስደው ደጋግሜ ነገርኳት። «እውነትሽን ነው? በማርያም በይ» አለችኝ።

«በማርያም።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ የኔ ልጅ። ገና አያለሁ እኮ። ዛሬ ጠዋት እንኳ ዶሮዎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ስልኩን ለአባትየው መልሼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀም አልቻልኩም።

ጎባ ስንገባ ስልኩ ሞቷል። ብርዱና ያ ሽክርክሪት ባትሪውን ጠጥተውታል። መናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ስልኩን ቻርጅ አስደረግሁ፣ ያዘዝኩትን ሻይ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ሲበራ «በማዘጋጀት ላይ» አለኝ። አዘጋጀ፣ አዘጋጀ። መንገዱ ላይ የቢሮ ሠራተኞች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በመስኮት አያለሁ። በመጨረሻ ተከፈተ፣ ደብዳቤው አለ፣ ከላይ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል፣ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ስም ተጽፏል፣ ከእናቴ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ከታች «እቀበላለሁ» የሚለው አመድ መስሏል። ነካሁት። «ጊዜው አልፏል» አለኝ። ደግሜ ነካሁት። ስንት ጊዜ እንደነካሁት አላውቅም፣ አስተናጋጇ «እህት፣ ደህና ነሽ?» ብላኝ ነው ያቆምኩት።

ሰኞ ደወልኩ፣ አመለከትኩ፣ ተማጸንኩ። የሚያነሳው ሰው ሁሉ ትሑት ነው። ሲስተሙ ነው የዘጋው፣ እኛ አይደለንም፣ ለከርሞ ይሞክሩ ይለኛል። ሲስተሙን አግኝቼ የምለምንበት ስልክ ቁጥር ግን የሚሰጠኝ አጣሁ።

ለእናቴ ወዲያው መንገር አቃተኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ስገፋው ሰነበትኩ። ስደውልላት አፏ ሞልቶ የምታወራው ስለ ክፍሉ ነው። ለእኔ የሚሆነውን ክፍል እንደ አዲስ ጭቃ እያስመረገችው ነው። ጭድ አስገዝታ፣ ጭቃውን አስረግጣ፣ ሰው አስገብታ፣ ራሷ በራፉ ላይ ቆማ ታሠራለች። «እዚያ ጥግ ጎድጉዷል፣ ሙሉልኝ እያልኩ አየዋለሁ» ትለኛለች። ኩራቷ ሥራው አይደለም፣ ማየቷ ነው። በማርያም ብዬ ምዬላት እንዴት አድርጌ ልንገራት?

አንድ ቀን «ምርጊቱ አለቀ» ስትለኝ ነገርኳት። ስለ ፈረሱም፣ ስለ ጁምዓውም፣ ስለ ሰነቴም፣ ሁሉንም። ግማሹ አልገባትም። የገባት እንደማልመጣ ብቻ ነው። 

«ይሁን» አለች። «ምርጊቱም ገና እርጥብ ነው። እርጥብ ቤት ተኝተሽ ደረትሽን ከምትታመሚ፣ ለከርሞ ይደርቃል።»

በዚያ ክረምት ለማየት ብቻ እንኳ ልሄድ ተነስቼ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል፣ አይኬድም ተባለ። ሻንጣዬን ፈታሁ። ከዚያ በኋላ ስደውልላት ስለ ዶሮዎቹ ማውራቷን ተወች። እኔም አልጠየቅኋትም።

በዓመቱ ስሜ ወጣ። ፓስወርዴን ራሴ አውጥቼ፣ ራሴ በቃሌ ይዤ፣ ደብዳቤው በደረሰኝ ቅጽበት «እቀበላለሁ» የሚለውን ተጫንኩት። ምንም እንከን አልነበረውም። አከራዬ አልቅሰው ሸኙኝ፣ ጭኮም ቋጠሩልኝ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስጠራት ፊቷን አዞረች፣ ግን ከቆምኩበት ትንሽ ወዲያ፣ ማንም ወደሌለበት። ሄጄ እቅፏ ገባሁ። ራሴን፣ ትከሻዬን፣ ክንዴን ዳበሰችኝና «ከስተሻል» አለች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባችኝ። እሷ ነበረች የምትመራኝ። መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ከጥግ እስከ ጥግ እየዳበሰች ሄደች።

«ደርቋል፣ አላልኩሽም?»

«ደርቋል እማዬ።»

ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከጣሪያው እስከ ወለሉ ድረስ ጭዱ በስንጥቁ ውስጥ ይታያል። መዳፏ ያገኘው የደረቀ ጭቃ ሻካራነት ብቻ መስሏት ይሆናል፣ ማንም ስለ ስንጥቁ አልነገራትም።

«ያምራል?» አለችኝ።

«ያምራል» አልኳት።

«ያኔማ ያምር ነበር» አለች። «ጠዋት ማታ እየመጣሁ አየው ነበር። እሱን እያየሁ ነው እኮ የጠፋብኝ።» አልወቀሰችኝም፣ እንዲሁ ነበር የተናገረችው፣ እጇን ከግድግዳው ሳታነሳ። ያቺ የምታጮልቅባት የበር ስንጥቅ ከመዘጋቷ በፊት ግን የኔን ፊት ልታይባት ነበር የጠበቀችው። ያየችባት ጭቃ ነው፣ እመጣለሁ ብዬ የማልኩበት ጭቃ። እጇን ከግድግዳው ላይ አንስቼ ፊቴ ላይ አደረግሁት፣ እሷም እንደ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ዳበሰችኝ።